የመርከቡ ቲኬት ተቆረጠ፤ የኪሱስ?



በዚህ ወር ዓምዳችን ስለ ሽርሽር ገንዘብ እናወጋለን። ‹‹ሽርሽር ደግሞ ምን ሒሳብ ያስፈልገዋል? ሰው የሚዝናናው ሒሳብ ሊረሳ አይደል?›› የሚል አይጠፋም። እኔም እንዲሁ ነበር የሚመስለኝ። ሐሳቤን ያስለወጠኝ ከባሕር ማዶ የመጣ አንድ የስልክ ጥሪ ነው።

ታላቅ እህቴ ከባለቤቷና ከሦስት ልጆቿ ጋር በአሜሪካ፣ በአትላንታ ከተማ ትኖራለች። ባለቤቷ ታክሲ ይነዳል፤ እሷ አረጋውያንን በመንከባከብ ሥራ ላይ ናት። ልጆቻቸው ለዓመታት ‹‹እንደ ጓደኞቻችን በመርከብ እንሂድ›› እያሉ ሲወተውቱ ኖረው፣ በ2023 እ.ኤ.አ. የትምህርት ቤት ዕረፍት ላይ ፍላጎታቸው ተሟላ። ባልና ሚስት ለአሥር ወራት ጥቂት በጥቂት አጠራቅመው ለአምስት ሰው የሰባት ሌሊት ቲኬት በ3,400 ዶላር ቆረጡ። ወለድ የለበትም፤ ብድርም የለበትም። ለኪስ ደግሞ ‹‹600 ዶላር ይበቃል›› ብለው በግምት ተነሡ።

ከጉዞው በኋላ እህቴ ለሁለት ወር ያህል ድምጿ ጠፋ። በየሳምንቱ የምትደውል ልጅ ዝም ስትል እናታችን ‹‹ምን ሆና ነው? አንድ ነገር ደብቃችሁኛል›› እያለች ታስጨንቀኝ ጀመር። በመጨረሻ አንድ ሌሊት ደወለች። ሰላምታው እንኳ ሳያልቅ፣

‹‹ወንድሜ፣ ለእማ ዓይን ያስቀመጥኩትን ገንዘብ ባሕር ላይ በላሁት›› አለችኝ።

እናታችን ዓይኗን ሞራ ሸፍኖት ቀዶ ሕክምና ቀን ተቆርጦላት ነበር። ገንዘቡን ልትልክ ቃል የገባችው እህቴ ናት። በመጨረሻው ቀን ማለዳ ከመርከቡ ሊወርዱ ሲሉ የካቢናቸው ሒሳብ ሲመጣ 1,805 ዶላር ይላል። ካሰቡት ሦስት እጥፍ መሆኑ ነው። ከባንክ ሒሳባቸው የተቆረጠው ገንዘብ የእማ ገንዘብ የተቀመጠበት ነበር።

‹‹ምን ገዛችሁ?›› አልኳት።

‹‹ምንም›› አለችኝ። ‹‹ምንም አልገዛንም እኮ!››

የዛሬው ጽሑፌ ስለዚህች ‹‹ምንም›› ነው።

ቲኬቱ በር እንጂ ቤቱ አይደለም

እህቴን ከመውቀሴ በፊት ነገሩን ለማጥናት ሞከርኩ። የዛሬው ዓይነት የመዝናኛ መርከብ ዕድሜው ብዙ አይደለም። ቀድሞ ሰው በመርከብ የሚሄደው ከአንድ አገር ወደ ሌላው ለመድረስ ነበር። አውሮፕላን መንገደኛውን ሲወስድበት መርከቡ ራሱ የሽርሽር ቦታ ሆነ። በ1966 እ.ኤ.አ. ‹‹ሰንዋርድ›› የተባለች መርከብ ከማያሚ ተነሥታ ወደ ካሪቢያን ደሴቶች በመደበኛነት ሽርሽረኞችን ማመላለስ ጀመረች። ዛሬ ከትልልቆቹ አንዷ የሆነችው፣ በጥር 2024 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረችው ‹‹አይከን ኦቭ ዘ ሲስ›› ሃያ ደርብ ያላት፣ ከሰባት ሺህ በላይ መንገደኛ የምትይዝ ተንሳፋፊ ከተማ ናት።

ከተማ ከሆነች ደግሞ ገበያ አላት። እዚህ ላይ ነው ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው። ‹‹ምግቡም መኝታውም ቲኬቱ ውስጥ አለ›› ይባላል፤ እውነት ነው። በትልቁ የምግብ አዳራሽ ቁርስ፣ ምሳ፣ ራት ይቀርባል። ውኃ፣ ሻይና ተራ ቡና በነጻ ነው። መዋኛው፣ የማታው ትርዒት፣ የልጆች መዋያው ብዙውን ጊዜ በቲኬቱ ዋጋ ውስጥ ነው። ለስላሳ መጠጥ፣ የታሸገ ውኃ፣ ልዩ ምግብ ቤት፣ ኢንተርኔት፣ ፎቶግራፍ፣ ማሳጅ፣ የጌም ክፍል፣ በየወደቡ የሚደረግ ጉብኝት ግን ሁሉም ለብቻው ይከፈልበታል።

ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም፤ የንግዱ አሠራር ነው። ካርኒቫል ኮርፖሬሽን የተባለው ትልቁ የመዝናኛ መርከቦች ኩባንያ በ2023 እ.ኤ.አ. ካገኘው 21.6 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገቢ ውስጥ 7.5 ቢሊዮኑ የተገኘው ከቲኬት ሳይሆን መርከብ ላይ ከሚሸጠው ነገርና ከልዩ ልዩ ገቢ ነው። ተፎካካሪው ሮያል ካሪቢያንም በዚያው ዓመት ከ13.9 ቢሊዮን ገደማ ገቢው 4.3 ቢሊዮኑን ያገኘው በዚሁ መንገድ ነው። በአጭሩ፣ ከሦስት ዶላር አንዱ ገደማ ከቲኬቱ ውጭ የሚመጣ ነው ማለት ነው። ነጋዴው ይህን ቀድሞ ቆጥሮታል። ያልቆጠረው ተሳፋሪው ብቻ ነው።

ሒሳቡ በጥቁር ሰሌዳ ላይ

እህቴ የሒሳቡን ዝርዝር ፎቶ አንሥታ ላከችልኝ። እኔም አስፈቅጃት፣ የማን እንደሆነ ሳልናገር፣ ለ8ኛ ክፍል ተማሪዎቼ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፍኩት። መጀመሪያ ግን ‹‹አምስት ሰው ያለበት ቤተሰብ፣ ምግብና መኝታ ተከፍሎለት፣ በሰባት ቀን ውስጥ 1,805 ዶላር በምን ይጨርሳል?›› ብዬ ጠየቅኳቸው። አንዱ ‹‹ወርቅ ገዝተው ይሆናል›› አለ። ሌላው ‹‹ተሰርቀው ነው›› አለ። ሦስተኛዋ ‹‹ቁማር ተጫውተው›› ስትል ክፍሉ ሳቀ። ከዚያ ዝርዝሩን ጻፍኩላቸው፦

ለሠራተኞች ጉርሻ፣ 560 ዶላር፤
የአንድ ወደብ ጉብኝት ለአምስት ሰው፣ 325 ዶላር፤
ኢንተርኔት ለሁለት ስልክ፣ 252 ዶላር፤
ለስላሳ፣ የታሸገ ውኃ፣ አይስክሬምና የመሳሰለው፣ 212 ዶላር፤
የጌም ክፍል፣ 186 ዶላር፤
ፎቶግራፍ፣ 140 ዶላር፤
አንድ ምሽት በልዩ ምግብ ቤት፣ 130 ዶላር።

ተማሪዎቼ ደምረው ደምረው 1,805 ሲሆን ዝም አሉ። ወርቅ የለም፤ ሌባም የለም። የእህቴ ‹‹ምንም›› ይኸው ነው። ከእያንዳንዱ አንድም ነውር የሆነ ነገር አይገኝም። አንድ ልጅ በሞቃት ቀን ለስላሳ ቢጠጣ ምን አለበት? ቤተሰብ አንድ ላይ ፎቶ ቢነሣ ምን ይላል? ነውሩ ያለው በዕቃው ላይ ሳይሆን በድምሩ ላይ ነው። ድምሩን ደግሞ እስከ መጨረሻዋ ማለዳ ድረስ ያየው ሰው አልነበረም።

አንዲት ተማሪ ‹‹ቲቸር፣ 560 ዶላር ጉርሻ እንዴት ይሆናል?›› ብላ ጠየቀች። ጥያቄዋ ተገቢ ነው። በትልልቆቹ የአሜሪካ መርከቦች ላይ ጉርሻ እንደኛ ሻይ ቤት በፈቃድ የሚጣል ሳንቲም አይደለም። በቅርብ ዓመታት ለእያንዳንዱ ሰው በየቀኑ ከ16 እስከ 20 ዶላር ያህል በራሱ ጊዜ ሒሳቡ ላይ ይጨመራል፤ ልጆችም ይቆጠራሉ። በእህቴ መርከብ ላይ 16 ዶላር ነበር። አምስት ሰው፣ በሰባት ቀን፣ በ16 ዶላር ስታበዙት 560 ይመጣል። ይህ አስቀድሞ ሊታወቅ የሚችል፣ ሊቀየርም የማይገባው ሒሳብ ነው።

‹‹የማይገባው›› ያልኩት በምክንያት ነው። አንዳንድ ተሳፋሪ በመጨረሻው ቀን ወደ መስተንግዶው ጠረጴዛ ሄዶ ‹‹ጉርሻውን ሰርዙልኝ›› እንደሚል ሰምቻለሁ። አልጋውን ሲያነጥፍለት፣ ሳህኑን ሲያነሣለት የሰነበተው ሠራተኛ ከፊሊፒንስ፣ ከኢንዶኔዥያ ወይም ከሕንድ የመጣ፣ ወር በወር ለቤተሰቡ የሚልክ ሰው ነው። ልክ እንደ እህቴ ማለት ነው። የሠራተኛን ድካም ቆርጦ ለራስ ፎቶ መግዛት ቁጠባ አይባልም። መቆጠብ ካማራችሁ ከራሳችሁ ለስላሳ ቆጥቡ።

ካርዱና ልጁ

አሁን ከሁሉም የከበደውን ልንገራችሁ። መርከብ ላይ ጥሬ ገንዘብ አይሠራም ለማለት ይቻላል። ስትሳፈሩ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ካርድ ይሰጠዋል፤ የካቢኑን በር የሚከፍተውም፣ ዕቃ የሚገዛውም ያው አንዱ ካርድ ነው። ልጅ ካርዱን ነካ ሲያደርግ ብር ሲወጣ አያይም። የሚያየው መብራት ሲበራ ነው።

ያን ጊዜ 11 ዓመቱ የነበረው የእህቴ ልጅ በጌም ክፍሉ ውስጥ ስድስት ቀን ሙሉ ካርዱን ነካ ሲያደርግ ሰነበተ። ካርዱን የሰጠው አባቱ ነው። ‹‹ይህ ያንተ ነው፤ እንዳይጠፋብህ›› ብሎ ነው የሰጠው። ስለ ገንዘብ አንድም ቃል አልተነገረውም። በመጨረሻዋ ማለዳ አባትየው 186 ዶላሯን ሲያይ ደሙ ፈላ፤ ልጁን ከሻንጣው ጋር በተሰለፈው ሕዝብ መካከል ጮኸበት። ልጁ አላለቀሰም፤ ‹‹ስጦታ መስሎኝ ነው›› ብቻ አለ። ከዚያ በኋላ እስከ አትላንታ በመኪና በሄዱበት ሰባት ሰዓት አንድ ቃል አልተነፈሰም።

መከራው በዚህ አላበቃም። ሒሳቡን የከፈቱት በዴቢት ካርድ ነበር። መርከቦች ተሳፋሪው እንደሚከፍል ለማረጋገጥ በካርዱ ላይ ያለውን ገንዘብ በከፊል ይይዙታል። በዴቢት ካርድ ከሆነ የሚያዘው የገዛ ገንዘባችሁ ነው፤ ሒሳቡ ከተከፈለም በኋላ ለቀናት ሳይለቀቅ ሊቆይ ይችላል። መንገድ ላይ ነዳጅ ሊቀዱ ቢቆሙ ካርዱ ‹‹ገንዘብ የለም›› አለ። ከጓደኛ ተበድረው ነው ቤታቸው የገቡት። ‹‹ሳይቸግር ጤፍ ብድር›› የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

የእናታችን ቀዶ ሕክምና በሦስት ወር ተራዘመ። እሷ ምክንያቱን አልጠየቀችም። ‹‹አላህ ያለው ቀን ነው›› ብላ ግድግዳውን እየዳሰሰች ሦስት ወር ቆየች። አልሐምዱሊላህ፣ በኋላ ተሠርቶላት ዛሬ ታያለች። እህቴ ግን ያችን ሦስት ወር እስካሁን አልረሳችም።

ሁለተኛው ጉዞ

በ2025 እ.ኤ.አ. እንደገና ሊሄዱ መሆኑን ስትነግረኝ፣ እውነቴን ነው፣ ደነገጥኩ። ‹‹አንድ ጊዜ ያቃጠላችሁን እሳት ልትሞቁት ነው?›› አልኳት። ‹‹አይደለም›› አለች፤ ‹‹ልጄ ከዚያ ወዲህ ለአባቱ ምንም አይጠይቅም። ጫማ እንኳ ሲቀደድበት ለእኔ ነው የሚነግረኝ። ይህን ነገር በተሰበረበት ቦታ መጠገን እፈልጋለሁ። ሒሳቡን አብረኸን ሥራልን።››

እኔም ልጅ ሳለሁ መድረሳ ውስጥ ያየሁት ትዝ አለኝ። ኡስታዛችን ከደሴ ወደ ሐይቅ ለሽርሽር ሲወስዱን፣ ያዋጣነውን ሳንቲም አውቶቡስ ሳንሳፈር ምንጣፍ ላይ ዘርግፈው ሁላችንም ፊት ይቆጥሩት ነበር። ‹‹ይህ የመኪና፣ ይህ የዳቦ፣ ይህ አይነካም›› እያሉ በሦስት ይከፍሉታል። ማታ ስንመለስ ደግሞ የተረፈውን እዚያው ምንጣፍ ላይ ይቆጥሩታል። አንድም ቀን ‹‹አታባክኑ›› ብለው ሲገሥጹን አላስታውስም። ያየ ልጅ መገሠጽ አያስፈልገውም ነበር።

እህቴንም ያልኳት ይህንኑ ነው። ‹‹ገንዘቡን ለሁላችሁም በሚታይበት ቦታ፣ ከመሄዳችሁ በፊት ቁጠሩት።›› አንድ ቅዳሜ ማታ አምስቱም ጠረጴዛ ከበው ተቀመጡ፤ እኔ በስልኩ መስታወት ውስጥ ነበርኩ። አባትየው መጀመሪያ የተናገረው ስለ ገንዘብ አልነበረም። ወደ ልጁ ዞሮ ‹‹ያን ጊዜ ያላስተማርኩህን ነገር ነው የተቆጣሁህ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ዐፉ በለኝ›› አለው። ልጁ ጠረጴዛውን እያየ ‹‹እሺ አባ›› አለ። ከዚያ ወደ ሒሳቡ ገባን።

በዚህ ጊዜ አምስት ሌሊት ብቻ መረጡ። ከቲኬቱ ውጭ ለሁሉም ነገር 1,000 ዶላር ወሰኑ፤ ከዚያ አንድ ሳንቲም አይታለፍም። እንደ ኡስታዛችንም በሦስት ከፈሉት።

የመጀመሪያው ክፍል፣ ቢወዱም ባይወዱም የሚወጣው ነው። ጉርሻ በቀን 17 ዶላር፣ ለአምስት ሰው፣ ለአምስት ቀን 425 ዶላር ሆነ፤ ከቲኬቱ ጋር አስቀድመው ከፈሉት። ወደብ ላይ ለመኪና ማቆሚያ በቀን 20 ዶላር፣ ለስድስት ቀን 120 ዶላር። ኢንተርኔት ለአንድ ስልክ ብቻ 90 ዶላር፤ ተራ በተራ ይጠቀሙበታል። ድምሩ 635 ዶላር ነው። ልብ በሉ፤ ከገንዘቡ ሦስት እጁ ሁለቱ ገደማ ገና አንድ ለስላሳ ሳይጠጣ አልቋል። በመጀመሪያው ጉዞ ያላወቁት ይህንን ነበር።

ሁለተኛው ክፍል፣ የምርጫ ገንዘብ ነው። በባሃማስ ዋና ከተማ በናሳው ለአንድ ቀን መዋያ 120 ዶላር፣ ለሦስቱ ልጆች ለእያንዳንዳቸው 30 ዶላር፣ ለወላጆች ደግሞ ለሁለቱም 60 ዶላር መደቡ። ድምሩ 270 ዶላር።

ሦስተኛው ክፍል፣ የማይነካው ነው። ለክፉ ቀን 95 ዶላር ቀረ።

የልጆቹ 30 ዶላር ስማቸው በተጻፈበት ፖስታ ውስጥ በጥሬው ተሰጣቸው። የመርከቡ ካርዳቸው ግን በር ብቻ እንዲከፍት፣ እንዳይገዛበት አስዘጉት፤ መስተንግዶው ጋ ሄዶ ለጠየቀ ወላጅ ይህ ይደረግለታል። አንድ ልጅ መርከቡ ላይ አንድ ነገር ካማረው፣ ከፖስታው ብሩን አውጥቶ ለአባቱ ይሰጣል፤ አባቱ በራሱ ካርድ ይገዛለታል። ብር ከእጅ ሲወጣ ይታያላ! ወላጆቹም ሒሳባቸውን የከፈቱት በዴቢት ካርድ ሳይሆን በጥሬ ገንዘብ ማስያዣ ነው። ብዙ መርከቦች ይህን ይፈቅዳሉ፤ ሲወርዱም ያልወጣው ይመለሳል።

ናሳው ላይ የመርከቡን ጉብኝት አልገዙም። በእግራቸው ወጥተው ከወደቡ ብዙ ወደማይርቀው ጁንካኑ ወደሚባል የሕዝብ የባሕር ዳርቻ ሄዱ። ከዚያም በ1790ዎቹ ባሪያ ተደርገው የተጋዙ አፍሪካውያን ከድንጋይ ጠርበው የሠሩትን፣ ‹‹የንግሥቲቱ ደረጃ›› የሚባለውን ቦታ አዩ። ልጆቹ ከጉዞው ሁሉ አብዝተው የሚያወሩት ስለዚህ ደረጃ ነው። የባሃማስ ዶላርና የአሜሪካ ዶላር እኩል ስለሆኑ፣ የአሜሪካውም በየሱቁ ስለሚሠራ፣ ለምንዛሪ የሚወጣ ገንዘብ አልነበረም።

ለመሄድ ላሰቡ

ይህን መጽሔት በውጭ አገር የሚያነብ፣ ወይም ዘመድ ያለው አንባቢ እነዚህን ነጥቦች ቢይዝ ይጠቅመዋል።

አንደኛ፣ ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የመርከቡን የቀን ጉርሻ መጠን ጠይቁና በሰውና በቀን አባዙት። ያ ቁጥር የቲኬቱ ዋጋ አካል ነው ብላችሁ ቁጠሩት።

ሁለተኛ፣ በብዙዎቹ መርከቦች መጠጥና እንደ ማሳጅ ያለ አገልግሎት ላይ ከ18 እስከ 20 በመቶ ጉርሻ ይጨመራል። ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ዋጋ የምትከፍሉት ዋጋ አይደለም።

ሦስተኛ፣ ‹‹የመጠጥ ጥቅል›› እየተባለ የሚሸጠው ውድ ክፍያ በአመዛኙ ለአልኮል ጠጪ የተሰላ ነው። እኛን አይመለከተንም፤ ይህ ብቻውን ብዙ ገንዘብ ያተርፍልናል። የለስላሳ ጥቅልም ቢሆን ልጃችሁ በቀን ስንት እንደሚጠጣ ቆጥራችሁ ካልሆነ አትግዙ። ሐላል ምግብን በሚመለከት ደግሞ ከጉዞው ብዙ ሳምንት አስቀድማችሁ ኩባንያውን ጠይቁ። ሳትጠይቁ ከሄዳችሁ ዓሣና አትክልት መሰልቸት ሲጀምር ወደ ውዱ ምግብ ቤት ትሄዳላችሁ።

አራተኛ፣ መርከቡ ከወደብ ሲወጣ ስልካችሁን በአውሮፕላን ሁነታ ላይ አድርጉት። ባሕር ላይ ስልኩ በራሱ ከመርከቡ መስመር ጋር ከተገናኘ የስልክ ሒሳቡ ወር ቆይቶ ያስደነግጣችኋል።

አምስተኛ፣ ወደብ ላይ በራሳችሁ መውጣት ርካሽ ነው፤ ነገር ግን መርከቡ በራሱ ጉብኝት የወጣውን እንጂ እናንተን አይጠብቅም። ከመነሻው ሰዓት በጣም ቀደም ብላችሁ ተመለሱ። ከመርከቡ መቅረት ከማንኛውም ጉብኝት ይበልጥ ያስከፍላል።

ስድስተኛ፣ የመርከብ ክሊኒክ በነጻ አይደለም፤ ክፍያው በካቢናችሁ ሒሳብ ላይ ይጨመራል። የጤና መድኅናችሁ ባሕር ላይና በባዕድ ወደብ ይሠራ እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ሰባተኛ፣ ሒሳባችሁን በየማታው እዩ። ስህተት ካለ በዚያው ቀን ይታረማል፤ በመጨረሻዋ ማለዳ ግን ሰልፉም ረጅም ነው፣ ሆድም ብሶታል።

መርከብ ለማንሳፈርስ?

‹‹መምህር፣ እኛ ደሴ ተቀምጠን የካሪቢያን መርከብ ምን ያደርግልናል?›› የሚለኝ አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። ልክ ነው። ነገር ግን ለዒድ ማግሥት ልጆቻችንን ይዘን ሐይቅ፣ ባሕር ዳር ወይም ሐዋሳ ስንሄድ የምናደርገውን እስቲ እናስብ። የመኪናውንና የአልጋውን እንቆጥራለን። ጀልባው፣ ዓሣው፣ ፎቶ አንሺው፣ የልጆቹ ማስቲካና ፊኛ፣ ለዘመድ የሚገዛው ዕቃ ግን ‹‹ኪስ ይችለዋል›› ይባላል። ኪስ ደግሞ አይችልም። በሳምንቱ የወር አስቤዛ ሲጎድል ሚስት ባሏን፣ ባል ልጁን ያያል። መርከቡ ትንሽ ይሁን እንጂ ሒሳቡ አንድ ነው።

በቤተሰብ ውስጥ ስለ ኢስራፍ ብዙ እንናገራለን። ንግግሩ ግን ብዙ ጊዜ የሚመጣው ገንዘቡ ካለቀ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ምክር መሆኑ ይቀርና ወቀሳ ይሆናል። ከጉዞው በፊት የተነገረ ቁጥር ልጁን ያስተምረዋል፤ ከጉዞው በኋላ የተነገረ ቁጥር ግን ያሳፍረዋል። ልዩነቱ ቀኑ ብቻ ነው። ስለዚህ በዚህ ዕረፍት የትም ብትሄዱ፣ ጥቂትም ይሁን ብዙ፣ ገንዘቡን ምንጣፍ ላይ ዘርግፉትና ትንሹም ልጅ እያየ ቁጠሩት። የግድ የሚወጣውን፣ የምርጫውንና የማይነካውን ለዩ። ስትመለሱም የተረፈውን እዚያው ቁጠሩት።

የእህቴ ቤተሰብ ከሁለተኛው ጉዞ ሲመለሱ ጠረጴዛቸው ላይ የተረፋቸውን ቆጠሩ። ከመጠባበቂያው ለትንሿ ልጅ የባሕር ማቅለሽለሽ መድኃኒት 22 ዶላር ወጥቶ 73 ቀርቷል። ትልቋና ትንሿ ፖስታቸውን ጨርሰዋል፤ መብታቸው ነው፣ ማንም አልተናገራቸውም። ልጁ ፖስታውን ለአባቱ ሰጠው። ውስጡ 11 ዶላር ነበረበት።

‹‹ምን ላድርገው?›› አለው አባቱ።

‹‹ለአያቴ ላክልኝ›› አለ።

84 ዶላሩ አንድ ላይ ተላከ። እናታችን የባንክ ደረሰኙን ተቀብላ በዓይኗ አስጠግታ ራሷ ቁጥሩን አነበበችው። ከየት እንደመጣ ስነግራት ‹‹11ዱን ለብቻው ስጠኝ›› አለችኝና መንዝሬ ስሰጣት በመሐረቧ ጫፍ ቋጠረችው። ምን እንደምትገዛበት ጠየቅኳት። ‹‹ሲመጣ እሰጠዋለሁ›› አለች።